የፍሬን ሠሪው ቂም

ጋሽ አንጁሎን የቀበርነው ባለፈው ሐሙስ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ጳውሎስ፣ «ወንድማችን ልጁን የገደለበትን ሰው በፈገግታ ይቅር ያለ፣ ቂም የማያውቅ የሰላም ሰው ነበር» ሲሉ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። አጠገቤ የተቀመጠው የእድራችን ጸሐፊ ጉልበቴን ተጭኖ አስቀረኝ። ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዋጥኩት። እስካሁን ግን አልተፈጨልኝም።

በፈገግታ አሉ! ጋሽ አንጁሎ እንኳን ለጠላቱ ለደንበኛውም ፈገግ ብሎ አያውቅም። ቂም የማያውቅ አሉ! ቂምን የእሱን ያህል የሚያውቅ፣ አብሮት ያደረ፣ አብሮት የበላ፣ ግን እጁን ያልሰጠው ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ትልቅነቱም እዚያ ላይ ነበር። እሱን አውጥተው ጥለው የማላውቀውን ለስላሳ ሰውዬ ቀበሩልን። እኔ የማውቀውን አንጁሎ እጽፋለሁ፤ አቶ ጳውሎስን ካልተስማማቸው የራሳቸውን ያንብቡ።

ሶዶ ውስጥ፣ ከኦቶና ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነኝ፤ እሱ የሚሠራው ፍሬን ነበር። ፍሬን ብቻ። ሞተሬን እይልኝ ያለውን ደንበኛ ሁሉ «ማስነሣት የማንም ነው፤ ማቆም ነው ሙያ» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ይሰደው ነበር። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ቱታውን እስከ አገጩ የሚቆልፍ ሰው ነው። ስታናግረው ወዲያው አይመልስልህም፤ መጀመሪያ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ከዚያ የማትወደውን መልስ ይሰጥሃል። የፍሬን ሸራው አልቆ ሳለ «ለዛሬ ብቻ እንደ ምንም አድርግልኝ» ያለውን ሾፌር ከግቢው እስኪወጣ ድረስ በስድብ ሲሸኘው ሰምቻለሁ። ፍሬን ሠርቶ ሲጨርስም ቁልፉን ዝም ብሎ አያስረክብም። ራሱ መሪውን ይይዛል፣ ባለ መኪናውን አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ነድቶ አቁሞ ያሳየዋል። ይህን ሳያደርግ የለቀቀው መኪና አላስታውስም።

አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበር። ያደገው ዱቦ አካባቢ በወላይትኛ ነው፤ «ሚስቴ መጣ» ሲል እንስቅበታለን፤ እሱም «ገባህ? ከገባህ በቃ» ይለናል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሱ ጴንጤ። በጾም ወራት ሰው ሳማ ከሰማኝ «ሥጋውን ተውከው፣ ሰውየውን ግን ትበላለህ» ይለኝ ነበር። እኔም መዝሙራቸው ሲበዛብኝ ራዲዮኑን አስጮህበት ነበር። ተዋደን ነበር ብዬ ላሳምር አልፈልግም፤ ግን እሱ የሌለበት ቀን ጋራዡ ቀን አይመስለኝም ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሩት ትባላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጋራዡ በኩል ታልፍና አማርኛውን ታርመዋለች። «አባዬ፣ እማዬ መጣች ነው የሚባለው።» እሱ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ስትሄድ ግን በር ድረስ ወጥቶ ያያታል።

ሩትን የገደላት ደሳለኝ የሚባል የቤሌ መስመር የሚኒባስ ሾፌር ነው። ቤታቸው ከተማው ዳር፣ ወደ ቤሌ የሚወርደው ቁልቁለት ካለቀ በኋላ ነው። ልጅቷ በመንገዱ ዳር ወደ ቤቷ ስትሄድ መኪናው ከኋላዋ መጥቶ ገጫትና ቦይ ውስጥ ገባ። ያን መኪና በዚያው ሰሞን ፍሬኑን የሠራለት ጋሽ አንጁሎ ነበር። ደሳለኝም ይህን ያውቅ ስለነበር ከቦዩ ሲያወጡት አንደበቱን የፈታው በዚሁ ነው፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ። የሠራው ደግሞ የገዛ አባቷ ነው።»

በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይሉሃል ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ቱቦው ተበጥሶ ተገኘ፤ ከአደጋው በፊት ይበጠስ ቦይ ሲገባ ይበጠስ ማንም መለየት አልቻለም። ጋሽ አንጁሎን ከልጁ ለቅሶ አስነሥተው ቃል እንዲሰጥ ወሰዱት። እኔ ነኝ አብሬው የሄድኩት። «ቱቦውን አጥብቄያለሁ» ብቻ አለ። እሱን የከሰሰው የለም። ደሳለኝ ግን በዚያች በቱቦዋ ምክንያት ቅጣቱ ቀለለትና እንደ ዘበት ታስሮ ወጣ።

ከተማው ማውራቱን አላቆመም። እኔን ያበሳጨኝ የከተማው ወሬ ነበር፤ እሱን የበላው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መኪና ሥር ተጋድሞ፣ ፊቱን ሳላየው እንዲህ አለኝ፦

«ሚስቴ አንድ ቀን ጠየቀኝ። ‹ያን ቀን በደንብ አጥብቀኸው ነበር?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ተሾመ፣ ደግሞ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ደሳለኝ ልጁን ገደለበት፤ በዚያ ላይ ገዳዩ አንተ ነህ አለው፤ የገዛ ሚስቱ ደግሞ የቱን እንደምታምን አላወቀም። ወይዘሮ አስቴር ክፉ ሴት አይደለችም። አንዴ የተጠራጠረ ሰው ጥርጣሬውን እንዴት አድርጎ ይመልሰዋል? ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ባንድ ቤት ውስጥ ተከባብረው ዝም ተባባሉ።

አንድ እሑድ በጸሎት ጉባኤያቸው ላይ አቶ ጳውሎስ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ስለ በሽተኛው፣ ስለ ፈተናው ተነሥቶ ይናገራል። ጋሽ አንጁሎ ተነሣ። «ደሳለኝን መግደል እፈልጋለሁ። ጸልዩልኝ» አለና ተቀመጠ። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያውም ምንም ሳይመስለው።

«ወንድም አንጁሎ» አሉት አቶ ጳውሎስ ደንግጠው፣ «በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ አይባልም።»

«ታዲያ የት ሄጄ ልበለው? ፖሊስ ጣቢያ?»

ደሳለኝ እንደተፈታ ንስሐ ገባሁ ብሎ እዚያው ቤተ ክርስቲያን መጣላቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ምስክርነት ሰጠ። «ሰይጣን ፍሬኔን በጠሰብኝ፤ ጌታ ግን ሕይወቴን አተረፈ» አለ። ሰው እልል አለለት። መጀመሪያ አባትየውን ወነጀለ፣ አሁን ደግሞ ወደ ሰይጣን አዞረው፤ ሰይጣን ጠበቃ ቢኖረው ኖሮ በስም ማጥፋት ይከሰው ነበር። ራሱን ብቻ ሊከስ አልቻለም። ጋሽ አንጁሎ ምስክርነቱን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ሰማው። በማግስቱ ጋራዥ ሲመጣ መዳፉ በጥፍሩ ቆስሎ ነበር።

የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ ትሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እሱ ተቀብሎ ሳይነካ ያሳልፈዋል። ቂም ያለበት አይወስድም፤ ሥርዓታቸው ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ቂሙን ደብቆ አልወሰደም። አቶ ጳውሎስ ይህ አላስተኛቸውም። አንድ ቀን ጋራዥ ድረስ መጥተው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አንጁሎ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም?» አሉት።

ጣቶቹን ጠረገ። «ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልሰረቅኩም። በር ላይ ቆሜ ነው የማስለው።»

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሱ አልሳቀም። እሳቸው ሲሄዱ «በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። አውቃለሁ። እሱ ዝም ሲል እኔ ምን ልሁን? በየቀኑ ‹አንተ ካልፈለግከው ለእኔ ስጠኝ› እለዋለሁ። አይሰጠኝም። አይወስደውም። ደክሞኛል ተሾመ» አለኝ። እኔ አጽናኝ ሰው አይደለሁም፤ «ልጄን ቢሆን ኖሮ እኔ አንድ ቀን አላሳድረውም ነበር» አልኩት። «ለዚህ ነው ካንተ ጋር የማልጸልየው» አለኝ።

ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያገሩ ልማድ ሆኖ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ዓመቱን መሻገር ነውር ነው። ከበዓሉ በፊት ሽማግሌዎች የተኳረፈ እየፈለጉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። አቶ ጳውሎስ ያን ሰሞን ያሰቡትን ሌላ ሰው ሊያስበው አይችልም። ደሳለኝን ከነሚኒባሱ ይዘው ጋራዥ መጡ።

«አንጁሎ» አሉ ደስ ብሏቸው፣ «ፍሬኑ ላልቷል። አንተ በእጅህ ሥራለት። እሱ መኪናውን አምኖ ይሰጥሃል፣ አንተ ሥራህን ትሰጠዋለህ። ዕርቅ ማለት ይኼ ነው። እሑድ አብራችሁ ትወስዳላችሁ፣ ጊፋታን በሰላም እንሻገራለን።»

የምሠራበትን ገመድ ጣልኩት። የልጁን ገዳይ ነፍስ በአባትየው እጅ ላይ አስቀምጠው ዕርቅ ይሉታል! «አባቴ፣ አእምሮዎን ስተው ነው ወይስ ቀልድ ነው?» አልኳቸው። ደሳለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ጋሼ፣ እሳቸው ካሉ እኔ ደስ ይለኛል» አለ። ደስ ይለኛል! ደሜ ፈላ።

ጋሽ አንጁሎ ጣቶቹን ጠርጎ ጠርጎ መጨረስ አቃተው። በመጨረሻ «አስገባው» አለ።

መኪናውን በክሪክ አነሣነው። ጎማዎቹን ፈታ፣ ታምቡሩን አወጣ፣ ሸራውን ቀየረ። ሥራው የሁልጊዜው ሥራ ነው። አንዱን ጎማ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሊያልፍ ሲል ጠራኝ።

«ተሾመ፣ ከኋላዬ እየተከተልክ ፈትሽ። ያጠበቅኩትን ቡሎን ሁሉ።»

«ጋሼ፣ አንተን እኔ ልፈትሽ?»

«እጄን ዛሬ አላምነውም። ሌላ ነገር እያሰበ ነው።»

ፈተሽኩ። ተንበርክኬ፣ ቁልፍ ይዤ፣ አንድ በአንድ። አንዱም ላላ ያለ አልነበረም። እንዲያውም ከልክ በላይ ነበር ያጠበቃቸው፤ ክንዱ ላይ የደም ሥሩ ተገትሮ ላቡ ሸራው ላይ እንዳይወርድ በትከሻው ይጠርግ ነበር። በቀልን ፈርቶ የተወ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ማንም ሳያየው ማድረግ እየቻለ፣ እየፈለገም፣ እጁን በምስክር ያሠራ ሰው ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ያን ቀን በቃ ፈተናውን አለፈው ብዬ ነበር። ተሳስቼ ኖሯል።

ሲጨርስ እንደ ልማዱ መሪው ላይ ወጣ። ደሳለኝን አጠገቡ አስቀመጠው። እኔን «አንተም ና፣ ኋላ ተቀመጥ» አለኝ። አቶ ጳውሎስ ከበር ላይ እጃቸውን እያወዛወዙ ሸኙን። ሁልጊዜ የሚሞክረው ጋራዡ አጠገብ ባለው ሜዳማ መንገድ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤሌ መንገድ ታጠፈ።

ደሳለኝ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ለምን?» አለ። ጋሽ አንጁሎ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ አቆመና ወደ ታች አየ። መንገዱ ባዶ ነበር። ማርሹን አወጣና በፎሌ፣ በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ ለቀቀው።

መኪናው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ ወረደ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቀኝ እግሩ ከፔዳሉ ርቆ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ ፍሬን!» አለ ደሳለኝ።

«ይይዛል?»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ ነዋ። እኔ የሠራሁት ፍሬን ይይዛል ወይ?»

«ይይዛል! ይይዛል ጋሼ፣ በኢየሱስ ስም ርገጠው!»

«ያን ጊዜስ? ይይዝ ነበር?»

ደሳለኝ ዝም አለ። በዚያች ሰዓት እንኳ ዝም ማለቱን ሳስበው አሁንም ያመኛል። ሕይወቱ እያለቀች ውሸቱን ሊያተርፍ ፈለገ። መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከታች ሩት የወደቀችበት ቦታ ታየ።

«ይይዝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ምንም አልነበረውም! ስልክ እያወራሁ ነበር፣ አላየኋትም! ቱቦው ቦዩ ውስጥ ስገባ ነው የተበጠሰው! ጋሼ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

ይህን እንደሰማ ወዲያው ረገጠው ብል ዋሸሁ። አልረገጠም። የፈለገውን እውነት አግኝቷል፣ እግሩ ግን ወለሉ ላይ ነው። ያኔ ነው የፈራሁት። እውነቱን ካላገኘ ብቻ ሊገድለው የሚፈልግ መስሎኝ ነበር፤ አግኝቶትም ይፈልግ ነበር። «እመቤቴ!» ብዬ ጮኽኩ። እሱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ጦሳው፣ ጦሳው» ይላል፤ በወላይትኛ አምላኩን መጥራቱ ነው። ፊቱ ላይ እንባም ቁጣም አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ ብቻውን የሚያነሣ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ እግሩ ተነሣና ፔዳሉ ላይ አረፈ። መኪናው ሳይጎትት፣ ሳይንሸራተት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ደሳለኝ ማልቀስ ጀመረ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ምስክርነት፣ ያለ ነጭ ሸሚዝ ሲለው ያ መጀመሪያው ነበር።

«አልልህም» አለው ጋሽ አንጁሎ። «አልገደልኩህም። ዛሬ ያለኝ ይኼ ብቻ ነው።»

ዛሬ ማለቱን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ምን እንደጨመረበት እሱና አምላኩ ያውቃሉ፤ እኔ ስላየሁት ቀን ብቻ ነው የምናገረው።

«ውረድ» አለው ቀጥሎ። «ቤቴ እዚያ ነው። ለእኔ ያልከውን ለሚስቴ ትነግረዋለህ።»

ወይዘሮ አስቴር በር ላይ ተቀምጣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ ትልጥ ነበር። ደሳለኝን ስታይ ተነሣች፤ ቢላዋው በእጇ ነው። ከዚህ በኋላ የተነገረው ሁሉ በወላይትኛ ነው፤ እኔ የሰማሁትን ነው በአማርኛ የምጽፈው።

ደሳለኝ ቆሞ ነገራት። ፍሬኑ ደህና እንደነበር፣ ስልክ ሲያወራ እንደነበር፣ ሲይዙት ፈርቶ በባሏ ላይ እንዳላከከ። ዓይኔን ከቢላዋው ላይ ማንሣት አልቻልኩም። እሷ ግን ቢላዋ መያዟንም ያስታወሰች አልመሰለኝም።

«ከማን ጋር ነበር የምታወራው?» አለችው።

«እ?»

«በስልኩ። ልጄን ስትገድላት ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

ደሳለኝ አሰበ። የምር አሰበ። «አላስታውስም፣ እናቴ» አለ።

«አያስታውስም» አለች ለባሏ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ውጣ ከቤቴ።»

ወጣ። እኔም ልወጣ ዞር ስል ወይዘሮ አስቴር ቢላዋውን ጣለችና የልጣጩ ክምር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የሩት አባት» አለችው። «እኔ እጅህን ጠርጥሬ ነበር። ስትበላ አያታለሁ፣ ስትተኛ አያታለሁ። ልጄን የበላች እጅ ይህች ትሆን እያልኩ ነው አብሬህ የኖርኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ። እባክህ ይቅር…»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

አላስጨረሳትም። ሽማግሌ ለምኖ፣ ጉባኤ ጸልዮ፣ ጊፋታ መጥቶ ከአፉ ያልወጣ ቃል ነው፤ ለእሷ ሲሆን ልመናዋ ሳያልቅ ወጣ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ለሩት አለቀሱ፤ ልጅቷ ያን ቀን የሞተች ይመስል፣ ጮክ ብለው፣ ስሟን እየጠሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለየብቻ ነበር ያለቀሱላት።

ደሳለኝ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ቃሉን ከደጅ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል፤ ፊቱ ተስፋ አድርጓል።

«ለእኔ ነው ይቅር ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ላንተ አይደለም» አልኩት።